ነቅቼ ሳለሁ አካሌ አልታዘዘኝም፤ ዱካክ ስለሚሉት ነገር የምታውቁትን አካፍሉኝ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት (ጥያቄውን ያቀረበው)

ጽሑፌ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለፉት አምስት ሳምንታት ውስጥ አራት ጊዜ የደረሰብኝን ነገር ለሁለት ሰዎች በቃል ለመንገር ሞክሬ ነበር፤ አንደኛው ሳቀብኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ፊቱ ተለዋወጠና ወሬውን ቀየረው። ስለዚህ ለማያውቁኝ ሰዎች በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ።

የመጀመሪያው የሆነው ሊነጋጋ ሲል ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ጣሪያው፣ መጋረጃው፣ ወንበሩ ላይ የጣልኩት ሹራብ፣ ሁሉም በየቦታው ነበሩ። ወደ ጎን ልገላበጥ ስል ግን አካሌ አልታዘዘኝም። እጅ ሲደነዝዝ እንደሚሆነው አልነበረም፤ የአንሶላው ልስላሴ በደንብ ይሰማኛል፣ ትእዛዜ ብቻ የትም አይደርስም። በዚህ መካከል በበሩ በኩል አንድ ሰው ቆሞ እንደሚመለከተኝ አወቅሁ። አየሁት አላልኩም፤ ፊቱንም ልብሱንም ልገልጸው አልችልም፤ መኖሩንና ለክፉ መምጣቱን ግን የራሴን ስም የማውቀውን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ። ቀጥሎ ደረቴ ላይ ከባድ ነገር ተጫነኝ፤ አየር ልስብ ስሞክር እምቢ አለኝ፤ ልጮኽ ስል ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየ ብትጠይቁኝ ሩብ ሰዓት እላለሁ። ከዚያ አንድ ጣቴ ተንቀሳቀሰችና ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ። በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ሰው የለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዚህ ብዙም የተለዩ አልነበሩም፤ በሦስተኛው ላይ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ሞተር የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማኝ በኋላ ከአልጋው ወደ ላይ የምነሳ መሰለኝ። አራተኛው ከሁሉም የከፋ ነበር፤ አንዴ ከለቀቀኝ በኋላ ደክሞኝ ስለነበር እዚያው ዓይኔን ብጨፍን ወዲያው ደግሞ ያዘኝ።

ዕድሜዬ 26 ነው፤ የታወቀ በሽታ የለብኝም፤ በእነዚህ ሳምንታት የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጨረስ ስል እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ አመሻለሁ። አሁን የመኝታ ሰዓት ሲቃረብ ልቤ መምታት ይጀምራል፤ እንቅልፍን መፍራት ጀምሬያለሁ። ይህ ነገር ሰው ይገድላል? አእምሮዬ እየታወከ ነው? ደግሞስ የሌለ ሰው መኖሩን እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ ላውቅ የቻልኩት እንዴት ነው?

የነርቭ ተማሪ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ አይገድልም። ሌላውን ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የደረሰብዎት ነገር በሕክምናው ዘንድ የእንቅልፍ ሽባነት ይባላል። እንቅልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በግምት በየ90 ደቂቃው እየተመላለሱ የሚቀያየሩ ደረጃዎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ከተከደነው የዓይን ቆብ ሥር ዓይን በፍጥነት ወዲያና ወዲህ የሚልበትና አብዛኛው ግልጽ ሕልም የሚታይበት ነው፤ ተመራማሪዎች ሬም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ይህን ደረጃ ለይተው ጻፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በድመቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በዚህ ደረጃ አንጎል እንደነቃ ሰው ሲሠራ የአካል ጡንቻዎች ግን ፈጽሞ ልል እንደሚሆኑ አሳየ። የአንጎል ግንድ ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ይልካል፤ ጋባና ግላይሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችም ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ጸጥ ያሰኟቸዋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ጥበቃው ባይኖር በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወርደን እንሮጥ ነበር፤ ይህ ጥበቃ የተበላሸባቸውና ሕልማቸውን በእጅ በእግራቸው የሚተውኑ ሰዎች እንዳሉም ከ1986 ጀምሮ በሕክምና መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እርስዎ ላይ የሆነው፣ ንቃቱ ቀድሞ መጣና ማሰሪያው ሳይፈታ ቀረ። ሁለቱ አብረው መለቀቅ ሲገባቸው አንደኛው ዘገየ። ሽባነቱም ሕልሙም አዲስ ነገር አይደሉም፤ በየሌሊቱ ያሉ ናቸው። አዲሱ ነገር እርስዎ በመካከሉ ነቅተው መገኘትዎ ነው።

ስለ ትንፋሽዎ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰውን ይበልጥ የሚያስደነግጠው እሱ ነውና። በሬም እንቅልፍ የጎድን አጥንት ጡንቻዎች እንደ ሌሎቹ ይላላሉ፤ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም ግን ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ትንፋሽዎ አልተቋረጠም፤ እየተነፈሱ ነበር። ነገር ግን ሆነ ብለው በረጅሙ አየር ልሳብ ሲሉ ደረትዎ ለፈቃድዎ አልታዘዝ ይላል፤ አእምሮም ይህን እምቢታ «አንድ ነገር ተጭኖኛል» ብሎ ይተረጉመዋል። በታገሉ መጠን እምቢታው እየጎላ፣ ክብደቱም እየጨመረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ተረኛ ነርስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። አንተ እያልኩ ብጽፍ ቅር እንዳትሰኝ፤ የመጨረሻ ልጄ በአንተ ዕድሜ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ይህን ነገር መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እጠራጠር የነበረውን ነገር ከራሴ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ የሚመጣብኝ ተረኛ በሆንኩበት ሳምንት አልነበረም፤ ተረኛነቱ አልቆ እፎይ ብዬ በተኛሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነበር። በኋላ ምክንያቱን አንድ ሐኪም አስረዳኝ። በሕልም እንቅልፍ የተራበ አንጎል ፋታ ሲያገኝ የቀረበትን ለማካካስ ቶሎ ቶሎና አብዝቶ ወደዚያው ይገባል፤ በገባና በወጣ ቁጥር ደግሞ በሩ ላይ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። አንተም ጽሑፍህን እስከ እኩለ ሌሊት እያመሸህ አምስት ሳምንት ስለቆየህ፣ እኔን ቢጠይቁኝ ሌላ ተጠያቂ ፍለጋ አልሄድም።

በጀርባህ ተንጋለህ እንደነበርክ መጻፍህንም አስተውያለሁ። በጀርባ መተኛት ከዚህ ነገር ጋር በተደጋጋሚ አብሮ ይታያል። እኔ በጎኔ መተኛትን የለመድኩት ከጀርባዬ በኩል ትራስ እያስደገፍኩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አይመችም፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

አራተኛውን በተመለከተ፣ ከለቀቀህ በኋላ እዚያው ዓይንህን መጨፈንህ ስህተት ነበር። አንጎልህ ገና ከሕልሙ ደረጃ አልራቀም፤ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ነው የወጣው። ተነስ፣ መብራት አብራ፣ ፊትህን ታጠብ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተቀመጥ፣ ከዚያ በጎንህ ተኛ። ሲነቁ ወዲያው መነሳት የሚያሰለች ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ግን ከዚያ የበለጠ ያሰለቻል።

ጽኑ እምነት

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ስለ ጡንቻና ስለ ነርቭ የተባለውንም አልክድም። ሆኖም አንድ ጥያቄ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። አካል እንዴት እንደሚታሰር መግለጽ ማን እንዳሰረው መግለጽ አይደለም። ጠያቂው ራሱ «ለክፉ መምጣቱን አወቅሁ» ብሎ ጽፏል። ከእኔ ጋር ሦስት የቤተሰቤ አባላት ይህንኑ አይተዋል፤ ማንኛችንም አስቀድመን ለሌላው አልነገርንም፤ ግን ሁላችንም በበሩ በኩል የቆመ ሰው ነው ያየነው። አራት ሰው አንድ ዓይነት ሕልም እንዴት ያልማል? እኔ በዚያች ሰዓት በልቤ እጸልያለሁ፤ ይለቀኛልም።

የነርቭ ተማሪ

ጽኑ እምነት፣ ጥያቄዎ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት በአፉ የማያወጣው ነው። አንድ ዓይነት ሕልም እንዴት ሊታይ እንደሚችል የሚያስረዳ መልስ ግን አለ።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው አለን ቼይንና ባልደረቦቹ በ1999 ባወጡት ጥናት የብዙ ሰዎችን ገለጻ መርምረው ነገሩ በሦስት ስብስብ እንደሚመጣ አሳይተዋል። አንደኛው የሰው መኖር ስሜት፣ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ጥላ ነው። ሁለተኛው የደረት ክብደት፣ የመታፈን ስሜትና የሞት ፍርሃት ነው። ሦስተኛው መንሳፈፍ፣ መውደቅ፣ ከአካል መውጣት ነው። ጠያቂያችን በአራት ሌሊት ውስጥ ሦስቱንም ቀምሷቸዋል። ገጠመኙ የሚመሳሰለው የግድ ሰዎች አንድን ነገር ከውጭ ስላዩ አይደለም፤ የሁላችንም አንጎል በአንድ ንድፍ የተሠራ በመሆኑም ሊመሳሰል ይችላል። አንጎል ውስጥ አደጋን የሚጠብቅ ክፍል አለ፤ በሬም እንቅልፍ ጊዜ በጣም ንቁ ነው። ይህ ዘብ ነቅቶ፣ አካል ታስሮ፣ ክፍሉ ጨልሞ ሲገኝ «አደጋ አለ» የሚለው ማንቂያ ቀድሞ ይደወላል፤ አደጋው ግን አይገኝም። አእምሮ ደግሞ ባለቤት የሌለው ማንቂያ አይወድም፤ የሚመጥነውን ባለቤት ይፈጥርለታል። ጠያቂው «አየሁ አላልኩም፤ አወቅሁ» ማለቱ ከጻፈው ሁሉ በጣም ትክክለኛው ቃል ነው፤ ዕውቀቱ የመጣው ከምስሉ በፊት ነውና።

በቤተሰብ መደጋገሙም የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር በ862 መንትዮችና ወንድማማች እኅትማማቾች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሰዎች በዚህ ነገር ከሚለያዩበት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ የሚመጣ መሆኑን ገምቷል።

ጸሎትዎን በተመለከተ የምቃወመው ነገር የለኝም። ትኩረትን ከደረትና ከበሩ አንስቶ ወደ ሚወዱት ነገር የሚመልስ ማንኛውም ነገር በዚያች ሰዓት ይረዳል፤ ይህን ከታች ሌላ ሰው እንደሚያነሳው እገምታለሁ። የምቃወመው አንድ አነጋገርን ነው፤ «ይህ የመጣብህ በሠራኸው ኃጢአት ነው» የሚለውን። እርስዎ እንዲህ አላሉም፤ የሚሉ ግን አሉ። የሰማው ሰው መኝታውን ይፈራል፤ መኝታውን የፈራ እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ደግሞ ያው ነገር ይመላለስበታል።

የድሮ መዝገብ

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል፤ ብቻውን ያለ ለሚመስለው ሰው ያጽናናዋል ብዬ ነው።

በ1664 ኢስብራንድ ፋን ዲመርብሩክ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ሐኪም የአንዲት የ50 ዓመት ሴትን ታሪክ መዝግቧል። ሴትዮዋ ጠንካራና ጤነኛ ነች፤ ሌሊት ለመተኛት ስትል ግን አንዳንዴ ሰይጣን፣ አንዳንዴ ትልቅ ውሻ፣ አንዳንዴ ሌባ ደረቷ ላይ የተኛባት ይመስላታል፤ መናገርም መተንፈስም ይቸግራታል፤ ሸክሙን ልታወርድ ስትል እጅ እግሯን ማንቀሳቀስ አትችልም። ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ከዚህ ውይይት የመጀመሪያ መልእክት በምን ይለያል? እኔን ከሁሉ የሳበኝ ሸክሙ በየጊዜው ፊቱን መቀያየሩ ነው። ክብደቱ ያው፣ ስሙ ግን በየሌሊቱ ሌላ ነው።

ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ በብረት መታሰር እንደማለት ነው። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። እንግሊዞች ቅዠትን የሚጠሩበት ቃል ራሱ በተኛ ሰው ላይ ከምትወጣ «ማር» ከተባለች መንፈስ የመጣ ነው። ሠዓሊው ሄንሪ ፉሴሊ በ1781 የሣላት፣ ራሷን ወደ ታች ዘንበል አድርጋ የተኛችውና ሆዷ ላይ ጭራቅ የተቀመጠባት ሴት ከዚሁ እምነት የወጣች ናት። እኛ ደግሞ ዱካክ እንላለን፤ «ዱካክ ተጫነኝ» ስንል ግሱ ራሱ ክብደቱን ይዞ ነው የሚመጣው። «የእንቅልፍ ሽባነት» የሚለው ስያሜ ግን ገና ልጅ ነው፤ እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን በ1928 ነው የተጠቀመበት። እውነቱን ለመናገር አዲሱን ስም ብዙ አልወደውም፤ ሽባነት የሚለው ቃል ሌላ ፍርሃት ይጨምራል።

ቀስ በል

እኔ ከዚህ ጋር የኖርኩት ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ነው፤ አሁን ሠላሳ አራት ሆኖኛል። ስለዚህ ስለ ምክንያቱ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል ልጻፍ።

ለዓመታት ያደረግሁት መታገል ነበር። መላ ኃይሌን ሰብስቤ ለመነሳት እሞክራለሁ፤ የማይነቃነቅ ግድግዳ እገፋለሁ፤ ግድግዳው በገፋሁት ልክ ይገፋኛል። አንዳንድ ሰዎች አንድ የእግር ጣት ላይ ብቻ ማተኮርን ይመክራሉ፤ ለእነርሱ ይሠራላቸው ይሆናል፣ ለእኔ ግን ትግሉን ከመላ አካል ወደ አንድ ጣት ማዛወር ብቻ ሆነብኝ። የተሻለልኝ ነገር ዓይኔን ማንቀሳቀስ ነው። የዓይን ጡንቻዎች በዚህ እስራት ውስጥ የሉበትም፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ስመለከት ቢያንስ አንድ የሚታዘዘኝ ነገር አገኛለሁ፤ ያ ብቻ ፍርሃቱን ግማሽ ያህል ይቀንስልኛል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ባላንድ ጃላል የተባለ ተመራማሪ ያቀረበውን ዘዴ መለማመዴ ነው። ነገሩ ሲጀምር ዓይንን ጨፍኖ «ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ያልፋል» ብሎ ለራስ መንገር፤ ቀጥሎም አደጋ ስለሌለ መፍራት ትርጉም እንደሌለው ራስን ማስታወስ፤ ከዚያ ሐሳብን ሁሉ ደስ በሚል አንድ ነገር ላይ፣ በሚወዱት ሰው ፊት ወይም በጸሎት ላይ ማሳረፍ፤ በዚህ ሁሉ መካከል ጡንቻን ማላላት፣ ለመንቀሳቀስ አለመሞከር፣ ትንፋሽንም ለመቆጣጠር አለመታገል። ሲነበብ ቀላል ነው። ሲደርስ ግን ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ሶፋ ላይ ተደላድሎ እንዲቀመጥ የተነገረው ያህል ነው። ስለዚህ ቀን ቀን፣ ነቅተው ሳሉ፣ በጀርባ ተኝተው መለማመድ ያስፈልጋል፤ እኔ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። አሁንም ይመጣብኛል፤ በሩ በኩል የሚቆመውም ይመጣል፤ ቁሞ ይሂድ ብዬ እተወዋለሁ።

ይኸው ተመራማሪ ከዴቨን ሂንተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅና ዴንማርክን አነጻጽሮ ነበር። ነገሩን ከመንፈስ ጋር ማያያዝ ይበዛ በነበረበት በግብፅ በኩል ሰዎች በዚያች ሰዓት እሞታለሁ ብለው ይበልጥ ይፈሩ ነበር፤ ሽባነቱም ይበልጥ የረዘመ ሆኖ ይሰማቸው ነበር። ጽኑ እምነትን ለመንቀፍ አይደለም የጠቀስኩት፤ ስለ ነገሩ የምናምነው ነገር በነገሩ ውስጥ ገብቶ እንደሚሠራ ለማሳየት ነው።

አንባቢ ብቻ

እዚህ መድረክ ላይ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ አንዳንድ ሌሊት ከጉሮሮዋ የታፈነ የማቃሰት ድምፅ ታሰማለች፤ ዓይኗም ከፈት ይላል። በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ድንገት መቀስቀስ ጉዳት አለው ሲባል ስለሰማሁ ዝም ብዬ እመለከታታለሁ። ጠዋት ስትነግረኝ «ለምን አልቀሰቀስከኝም» ብላ ታዝንብኛለች።

ተረኛ ነርስ

ወንድም፣ ቀስቅሳት! በስሟ ጥራት፣ ትከሻዋን ያዝ አድርጋት። ብዙዎቻችንን የሰው ንክኪ ወይም ድምፅ ወዲያው ያስለቅቀናል፤ ጉዳትም የለውም። እኔ ከባለቤቴ ጋር ምልክት አበጅተናል፤ በአፍንጫዬ በፍጥነት ስተነፍስ ከሰማ ይነቀንቀኛል። እስከዛሬ ዝም ብለህ መመልከትህን ግን አትንገራት።

እንቅልፋሙ

እኔም ይህ ነገር ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመላለስብኛል። ግን ከእናንተ የምለይበት ነገር ያለ መሰለኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ያህል ብተኛም ቀን ቀን ስብሰባ ላይ፣ ምግብ እየበላሁ፣ አንድ ጊዜም ቆሜ ሰው እያናገርኩ እንቅልፍ ጥሎኛል። ደግሞ ከት ብዬ ስስቅ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ጓደኞቼ በሳቅ የምወድቅ እየመሰላቸው ይበልጥ ያስቁኛል። ይህም ከዱካክ ይቆጠራል?

የነርቭ ተማሪ

እንቅልፋሙ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ነርቭ ወይም ወደ እንቅልፍ ሐኪም ይሂዱ። ለማስፈራራት አይደለም፤ የጻፉት ነገር ግን ከተራው የእንቅልፍ ሽባነት የተለየ ነው።

ናርኮሌፕሲ የሚባል ሕመም አለ። ቀን ቀን የሚጥል እንቅልፍ፣ በሳቅ ወይም በድንገተኛ ስሜት ጊዜ የጡንቻ መክዳት፣ በእንቅልፍ መግቢያ የሚታይ ምስልና የእንቅልፍ ሽባነት አብረው ይታዩበታል። የጉልበትዎ መክዳት ካታፕሌክሲ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ያው የሬም ማሰሪያ ነው፣ ሰው በቀን ነቅቶ ሳለ የሚወርድበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃይፖክሬቲን ወይም ኦሬክሲን የተባለ፣ ንቃትን አጽንቶ የሚይዝ የአንጎል መልእክተኛ ተገኘ፤ በ2000 ደግሞ ካታፕሌክሲ ባለባቸው ሕሙማን አንጎል ውስጥ ይህን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት እንደጠፉ ታየ። ምርመራው አንድ ሌሊት በመሣሪያ እየተጠበቁ መተኛትን፣ በማግስቱም በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ ለአጭር እንቅልፍ መጋደምን ይጠይቃል፤ ሰውየው በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንቅልፍ ከወሰደውና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፈጥኖ ሬም ውስጥ ከገባ ሐኪሙ ወደዚህ ሕመም ያዘነብላል። መድኃኒቶች አሉት። እስከዚያው ግን መኪና እንዳይነዱ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ለሌሎቻችሁም፣ ሁሉ ነገር ዱካክ አይደለም። ጠዋት ስትነሱ እጅ እግራችሁ ለሰዓታት ካልታዘዘ፣ በተለይም ከከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ ወይም ከብዙ ምግብ በማግስቱ ከሆነ፣ በደም ውስጥ የፖታሲየም መዛባት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የእንቅልፍ ሽባነት በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። ምላስ መነከስ፣ ሽንት ማምለጥ፣ አካል መንዘፍዘፍና ከዚያ በኋላ ግራ መጋባት ካለ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሹ ቆም የሚል ሰውም ለዚያው ቢመረመር ይጠቀማል፤ እንቅልፍን የሚቆራርጥ ነገር ሁሉ ለዱካክ መንገድ ይጠርጋልና። እንዲያውም በ1992 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎችን በተመረጠ ሰዓት እየቀሰቀሱና ጥቂት እያቆዩ መልሰው በማስተኛት፣ በጤነኛ ሰዎች ላይ ይህን ነገር ሆነ ብለው ማምጣት ችለው ነበር።

ጠያቂያችን «አእምሮዬ እየታወከ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ሳልመልስ አለፍኩ። ብሪያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር እ.ኤ.አ. በ2011 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ከ36,000 በላይ ሰዎችን በቆጠሩበት ሥራ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ፣ ከተማሪዎች ግን 28.3 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚቆጠር ለእርስዎ እተወዋለሁ። የአእምሮ መታወክ ያለበት ሰው ያየውን ቀንም ያየዋል፣ እውነት ነው ብሎም ይሟገታል፤ እርስዎ ግን ጣትዎ በተንቀሳቀሰችበት ቅጽበት በሩን አይተው ሰው እንደሌለ ተቀብለዋል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጻፌ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እማማ ተረኛ ነርስን በተለይ። ትራሱን ከጀርባዬ አስደግፌያለሁ፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ጽሑፌን መጻፍ አቁሜያለሁ፤ ቅዳሜና እሑድም እንደሌላው ቀን በሰዓቱ እነሳለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመጣብኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ለሦስት ሌሊት በደንብ ካልተኛሁ በኋላ።

ሲይዘኝ መጀመሪያ የፈራሁት ያው የድሮውን ያህል ነው፤ አልዋሽም። ከዚያ ቀስ በል የጻፈውን አስታወስኩና ዓይኔን ወደ ግድግዳው ሰዓት አዞርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ይላል። ሰውየው በሩ በኩል ነበረ። ትንፋሼን ለድያፍራሜ ትቼ፣ የእኅቴን ልጅ ሳቅ እያሰብኩ ቆየሁ። ሲለቀኝ ወዲያው ሰዓቱን አየሁ፤ አሁንም አሥራ አንድ ከአርባ ሁለት ነው። እኔ ሩብ ሰዓት ስለው የነበረው ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

እንቅልፋሙ

ምርመራው ናርኮሌፕሲ መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ስብሰባ ላይ እየተኛሁ አለቃዬ ሰነፍ ሲለኝ የኖረውን ሁለት ዓመት ማን ይመልስልኛል? መኪናዬን ግን ለጊዜው ወንድሜ ነው የሚነዳው።

የነርቭ ተማሪ

ሁለታችሁም ስለጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። እንቅልፋሙ፣ የሐኪሙን ወረቀት ለአለቃዎ ቢያሳዩት መልካም ነው።

ለሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አንድ ክፉ ነገር ልናገር ግድ ሆነብኝ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሕልም በክፍሉ ላይ ይደረባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያዩት ሰዓት የግድግዳው ሰዓት ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለንም። ሰውየውን ያለመ አእምሮ ሰዓቱንም ሊያልመው ይችላል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሰዓቱን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ። ያም ሆኖ ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አንስቼዋለሁ፤ ሹራቡንም ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቻለሁ።